ውዱ ባህሩ ሳይሆን ማቆሚያው ነው
በኦሽን ሲቲ መኪናን በነፃ ማቆም ይቻላል፤ የት፣ መቼና በምን ሂሳብ?

ወቅቱ ሐምሌ፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው እንበል። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳ አንድ የአበሻ ቤተሰብ ከሦስት ሰዓት በላይ ነድቶ ሜሪላንድ ውስጥ ከምትገኘው የባህር ዳር መዝናኛ ከተማ ከኦሽን ሲቲ ገብቷል። አምስት ሰው፣ አንድ ኩለር፣ ሁለት ጥላ፣ በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር። ልጆቹ በሕንፃዎቹ መሐል ባህሩን አይተው ጮኸዋል። መኪናው ግን ማቆሚያ አጥቶ ከመንገድ መንገድ መዞር ከጀመረ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። አባት «ለማቆሚያ ሠላሳ ዶላር አልከፍልም» ይላል። እናት «እዚህ ድረስ መጥተን መኪና ውስጥ ልንውል ነው?» ትላለች።

ይህ ወግ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። ኦሽን ሲቲ ከዲሲ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከሚያስኬደው ጥቂት ያነሰ መንገድ ነው። በመሆኑም ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ ለዕረፍት ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባቱን ውቅያኖስ ለማሳየት ለሚመኝም ልጅ የታወቀች መዳረሻ ነች። በባህሩ ዳር አሸዋው ላይ ለመቀመጥ የመግቢያ ክፍያ የለም። በኒው ጀርዚ ብዙ የባህር ዳር ከተሞች በበጋ ለመዋኘት ለሚመጣ ሰው የመግቢያ ምልክት ሲሸጡ፣ ኦሽን ሲቲ ግን አሸዋውን ለሁሉም ክፍት አድርጋለች። ታዲያ ባህሩ በነፃ ሆኖ ሳለ ማቆሚያው ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በነፃ ማቆምስ ይቻላል ወይ?

መልሱ በአጭሩ ይቻላል ነው። ይሁንና ነፃ ማቆሚያ የሚገኘው አሽከርካሪው ከቤቱ ሳይነሳ አንድ ጥያቄ ሲመልስ ነው፤ የምሄደው ለባህሩ ነው ወይስ ለቦርድዎኩ?

ገበያው እንዴት ተፈጠረ?

ኦሽን ሲቲ የተቆረቆረችው በአትላንቲክ ውቅያኖስና በኋላዋ ባለው የባህር ወሽመጥ መሐል በተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሆቴል በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1875 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የተነሳ ከባድ ማዕበል ደሴቱን ከደቡብ ጫፉ ቆርጦ በባህሩና በወሽመጡ መካከል መተላለፊያ ከፈተ። «ኢንሌት» የሚባለው ሥፍራ ይህ ሲሆን የከተማዋ ደቡባዊ ወሰን ዛሬም እዚያ ላይ ያበቃል።

መኪናን በብዛት ያመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው። ከዚያ በፊት ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር የሚመጣ ሰው በጀልባ ይሻገር ወይም ረጅም መንገድ ይዞር ነበር። ድልድዩ ሲከፈት ባህሩ የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ በሰሜኑ የከተማዋ ክፍል ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች በዙ።

ዛሬ የከተማዋ ቋሚ ነዋሪ ሰባት ሺህ ገደማ ሲሆን በበጋ የዕረፍት ቀናት ግን በከተማዋ ውስጥ ያለው ሰው ከ300 ሺህ እንደሚበልጥ ይገመታል። የሰባት ሺህ ሰው ከተማ የ300 ሺህ ሰው መኪና ታስተናግድ ሲባል ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። መሬቱ በባህርና በወሽመጥ ተይዟል፤ አይሰፋም። ፈላጊው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጎርፋል። አቅርቦቱ ባለበት ቆሞ ፍላጎቱ ሲያድግ ደግሞ ዋጋ ይወጣል፤ ካልወጣም ወረፋ ይመጣል። ያ በመኪና መዞር ያለፈው አርባ ደቂቃ፣ ስሙ ባይጠራም፣ ወረፋ ነው።

በመኪና የሚጠበቅ ወረፋ

የማቆሚያ ክፍያ የተጀመረው ይህን ወረፋ ለመቁረጥ ነበር። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ቆጣሪ እ.ኤ.አ. በ1935 በኦክላሆማ ሲቲ ሲተከል ዋጋው በሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። የመሐል ከተማ ሱቆችን ደጃፍ የሠራተኞች መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚይዘው ገበያተኛ ማቆሚያ አጥቶ ይመለስ ነበርና፣ ሳንቲሟ ቦታውን እንድታስለቅቅ ታስቦ ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የጻፉት የካሊፎርኒያው የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት እኚህ ምሁር በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ያለችውን ዌስትውድ ቪሌጅን በምሳሌነት አቅርበዋል። በአሥራ አምስት ብሎክ ብቻ፣ ርካሽ የመንገድ ዳር ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞሩ መኪኖች በዓመት 950 ሺህ ማይል፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚነዱ አስልተዋል። የፕሮፌሰሩ ሐሳብ በቀላሉ ሲቀመጥ፣ ትክክለኛው ዋጋ በእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ወይም ሁለት ክፍት ቦታ እንዲተርፍ የሚያደርግ ዋጋ ነው። ክፍት ቦታ ከሌለ ዋጋው አንሷል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ደግሞ በዝቷል ማለት ነው።

ይህ ለአሽከርካሪው ምን ይጠቅመዋል? ሁሉም ሰው በሚፈልገው ቦታና ሰዓት ነፃ ማቆሚያ ቢኖር እንኳ ተይዞ እንደሚገኝ ይነግረዋል። ስለዚህ ነፃውን መፈለግ ያለበት ብዙ ሰው በማይፈልገው ቦታ ወይም ብዙ ሰው በማይፈልገው ሰዓት ነው። ኦሽን ሲቲ ላይ ሁለቱም አሉ።

ውድ የሆነው የትኛው ነው?

የከተማዋ አቀማመጥ ለእንግዳ አያስቸግርም። ከደቡብ ከኢንሌት ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲኬድ መጀመሪያ ስም ያላቸው ጥቂት መንገዶች ይገኛሉ። ከዚያ ከ1ኛው እስከ 146ኛው በቁጥር የተሰየሙት ይቀጥላሉ። 146ኛው ላይ ሜሪላንድ ያልቅና ዴላዌር ይጀምራል። እዚያ ሕጉም የማቆሚያ ደንቡም ሌላ ስለሆነ «አንድ ብሎክ ብቻ ነው የተሻገርኩት» ማለት አያዋጣም።

ርዝመቱ በጠቅላላው ወደ አሥር ማይል (16 ኪሎ ሜትር) የሚጠጋ ሲሆን አሸዋውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። ቦርድዎክ የሚባለው በጣውላ የተሠራ የእግር መንገድ ግን ከኢንሌት እስከ 27ኛው መንገድ ብቻ፣ ሦስት ማይል ገደማ ነው የሚሄደው። መጫወቻው፣ ጥብሱ፣ አይስክሬሙ፣ የልብስ ሱቁ የታጨቀው እዚያ ነው። የማቆሚያ ክፍያውም የሚበረታው በዚሁ አካባቢ ነው። በኢንሌት ያለው ትልቁ የከተማው ማቆሚያ፣ በመሐል ከተማ ያሉት ሌሎች የከተማው ማቆሚያዎችና ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ቦታዎች በወቅቱ ያስከፍላሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። የሚከፈለው ለባህሩ ይመስለዋል። የሚከፈለው ግን ለቦርድዎኩ ቅርበት ነው። 15ኛው መንገድ ላይ ያለው ውሃና 95ኛው መንገድ ላይ ያለው ውሃ አንድ ነው። ልጆቹ አሸዋ ቆፍረው ማዕበል ሊዘሉ ከሆነ የመጡት፣ ለማይጠቀሙበት ቦርድዎክ ኪራይ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

ነፃው የት ይገኛል?

አንደኛው፣ በመሐልና በሰሜን የከተማዋ ክፍል ያሉት መንገዶች ናቸው። ከቦርድዎኩ ማለቂያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ብዙዎቹ ባለ ቁጥር መንገዶች ላይ ዳር ይዞ ማቆም ክፍያ የለውም። ደሴቱ ቀጭን ስለሆነ በብዙ ቦታ ከመኪናው እስከ አሸዋው ያለው መንገድ ሁለት ሦስት ብሎክ ቢሆን ነው። ሆኖም የተወሰኑ ብሎኮች ክፍያ ያላቸው፣ የተወሰኑ ሰፈሮችም ለነዋሪ ፈቃድ ብቻ የተከለሉ ስለሆኑ ሰሌዳውን ሳያነቡ ከመኪና መውረድ አይገባም።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ኮስታል ሃይዌይ ነው። በባህሩ በኩል ያሉት ቦታዎች ቀድመው ይሞላሉ፤ በወሽመጡ በኩል ያሉት ዘግይተው። ነገር ግን በወሽመጡ በኩል ያቆመ ሰው ይህን ሰፊ መንገድ በእግሩ መሻገር አለበት። አውራ ጎዳናው ብዙ መስመር ያለው፣ በአንዳንድ ክፍሉም እግረኛ በየቦታው እንዳይሻገር መሐሉ ላይ አጥር የተተከለለት ነው። ልጅ የያዘ ሰው መብራት ባለበት ማቋረጫ ትይዩ ያለ መንገድ ቢመርጥ ይሻላል።

ወደዚህ ክፍል ለሚሄድ ሰው የሚገባበት ድልድይም ለውጥ ያመጣል። ሩት 50 የሚያስገባው በደቡብ፣ ጭንቅንቁ መሐል ነው። ሩት 90 ግን 62ኛው መንገድ ላይ ያደርሳል። ነፃ ማቆሚያ ፍለጋ የወጣ ሰው በደቡቡ ድልድይ ገብቶ መሐል ከተማውን በሙሉ ማቋረጥ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው፣ ከድልድዩ ወዲህ በዌስት ኦሽን ሲቲ በሩት 50 ዳር ያለው የፓርክ ኤንድ ራይድ ሜዳ ነው። መኪና ማቆሙ ነፃ ሲሆን ከዚያ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ወደ ደቡቡ የቦርድዎክ ጫፍ ያደርሳል። የሚከፈለው ለአውቶቡሱ ብቻ ነው። ቦርድዎኩን ለሚፈልግ፣ ዕቃው ቀላል ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ድልድዩ ላይ የሚፈጠረውን የመኪና ሰልፍ በራስ መሪ ከመጋፈጥም ያድናል።

ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። በሰሜን በነፃ አቁሞ በኮስታል ሃይዌይ ላይ የሚመላለሰውን የከተማውን አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። አውቶቡሱ የራሱ መስመር ስላለው መኪናው በቆመበት ሰዓት እንኳ ይሄዳል። ቀኑን በባህሩ ውሎ አመሻሹ ላይ ልጆቹን ቦርድዎክ ማሳየት የሚፈልግ ቤተሰብ መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ሁለቱንም ያገኛል።

አራተኛው ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው። የከተማው የማቆሚያ ክፍያ በአብዛኛው የሚጠየቀው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት ነው። ከዚያ ውጭ ባህሩን ለማየትና ነፋሱን ለመቀበል የሚመጣ ሰው ኢንሌት ድረስ ነድቶ ሊያቆም ይችላል። በበጋውም ቢሆን የቀንና የሰዓት ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። የሳምንት ኪራይ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራዩ ቅዳሜ ወጪውም ገቢውም በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ዕረፍት ማግኘት የሚችል ሰው በእነዚህ ቀናት ቢሄድ ይቀለዋል። ቅዳሜ የግድ ከሆነ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መድረስና አምስት ሰዓት ላይ መድረስ አንድ አይደሉም።

ሂሳቡ

ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ክፍያ ያለው ማቆሚያ በሰዓት 4 ዶላር ነው ብለን እንነሳ። ዋጋው በየቦታውና በየወቅቱ ስለሚለያይ ይህ ለስሌት የተወሰደ ቁጥር ነው። ስምንት ሰዓት ለሚቆም ቤተሰብ 32 ዶላር ይሆናል።

አባት በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ አሽከርካሪ ነው እንበል። አርባ ደቂቃ በመዞር ካሳለፈ ከ13 ዶላር በላይ የሚያወጣ ጊዜ ሄደ። ቤንዚኑ፣ የልጆቹ ለቅሶና ባለትዳሮቹ የተናገሩት ክፉ ቃል ሳይቆጠር ማለት ነው። ከ32 ዶላሩ የተረፈው 19 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰዓት ላይ ደርሶ ወዲያው ቢያቆም ግን 32ቱም በኪሱ ይቀራል።

ፓርክ ኤንድ ራይዱስ? የአውቶቡሱ የቀን ቲኬት ለአንድ ሰው 4 ዶላር ቢሆን፣ ለብቻው የሚሄድ ሰው 28 ዶላር፣ ባልና ሚስት ደግሞ 24 ዶላር ያተርፋሉ። አምስቱም ሙሉ ዋጋ ቢከፍሉ ግን ለቲኬት 20 ዶላር ስለሚወጣ ትርፉ 12 ዶላር ብቻ ይሆናል፤ ያውም ኩለሩንና ጥላውን አውቶቡስ ላይ ጭኖ። ስለዚህ በደፈናው ሲታይ፣ አውቶቡሱ ለአንድና ለሁለት ሰው፣ የሰሜኑ መንገድ ደግሞ ለቤተሰብ ያዋጣል።

ቤተሰብ የያዘ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቀላል ዘዴም አለ። ሁሉንም ሰው ይዞ ማቆሚያ መፈለግ ትክክል አይደለም። ቤተሰቡንና ዕቃውን በመንገዱ የባህር ጫፍ አውርዶ፣ የመንገዱን ቁጥር አስይዞ፣ አሽከርካሪው ብቻውን ራቅ ብሎ ቢያቆም አምስት ብሎክ የሚሄደው አንድ ሰው ባዶ እጁን ነው። አያት ካሉ ደግሞ ይህ ዘዴ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ነፃ የሚመስለው

ከሁሉ የከፋው ክፍያ ያለው ማቆሚያ አይደለም። የከፋው ነፃ መስሎ ነፃ ያልሆነው ነው። ከሆቴሎች፣ ከኮንዶሚኒየሞችና ከሱቆች ፊት ያሉት ባዶ ቦታዎች የግል ናቸው። ለእንግዳና ለደንበኛ ብቻ መሆናቸውን የሚናገር ሰሌዳም አላቸው። ሱቁ ዝግ ስለሆነ ቦታው የማንም አይሆንም። እዚያ የቆመ መኪና ቶው ተደርጎ፣ ማለትም በጎታች መኪና ተወስዶ፣ ባለቤቱ አሸዋውን አራግፎ ሲመለስ ባዶ አስፋልት ያገኛል።

የቶው ወጪ በመቶዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። 300 ዶላር ነው እንበልና እናስላ። በየጉዞው 32 ዶላር የሚቆጥብ ሰው ከአሥር ጉዞ አንድ ጊዜ ቢጎተትበት የዘጠኙን ጉዞ ቁጠባ፣ ማለትም 288 ዶላሩን፣ በሙሉ ይበላበታል። መኪናው የታክሲ ወይም የኡበር ሥራው መተዳደሪያ ለሆነው ወገናችን ደግሞ ኪሳራው በዚህ አይቆምም። እሁድ ሊሠራበት ያሰበው መኪና በሰው ግቢ ተቆልፎበት፣ ቤተሰቡ በዋና ልብስ መንገድ ዳር ቆሞ ማለት ነው።

በመንገድ ዳር ያለው ነፃ ቦታም የራሱ ሕግ አለው። በሜሪላንድ ሕግ ከእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ በ15 ጫማ (4 ሜትር ተኩል)፣ በመስቀለኛ መንገድ ካለ የእግረኛ ማቋረጫ በ20 ጫማ (6 ሜትር)፣ ከማቆሚያ ምልክት ወይም ከትራፊክ መብራት በፊት በ30 ጫማ (9 ሜትር) ውስጥ ማቆም ክልክል ነው። የሰው ግቢ መግቢያ መዝጋትም እንዲሁ። በተጨናነቀ ቀን ከማዕዘን አጠገብ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ቦታ ብዙውን ጊዜ ባዶ የሆነው ሌላው አሽከርካሪ ሕጉን ስለሚያውቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያገኙትን ቦታ ከመያዝ በፊት ለምን እስካሁን እንዳልተያዘ መጠየቅ ይበጃል።

አዲስ አበባ ላይ መኪና ያቆመ ሰው ትኬት ይዞ የሚቀርበው ወጣት ነው። «ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ መነጋገር ይቻላል። ኦሽን ሲቲ ላይ የሚነጋገሩት ሰው የለም። ክፍያ ባለበት ቦታ የሰሌዳ ቁጥርን በማሽን ወይም በስልክ አስመዝግቦ መክፈል ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ትኬቱ መስታወት ላይ ይጠብቃል። በስልክ የሚከፍል ሰው ከአሸዋው ሳይነሳ ሰዓት መጨመር ይችላል፤ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር አንድ ፊደል አሳስቶ ካስገባ ግን እንዳልከፈለ ነው የሚቆጠረው።

ከመነሳት በፊት

እንግዲህ ያ በሐምሌ ቅዳሜ የሚዞር ቤተሰብ ምን ማድረግ ነበረበት? ዓርብ ማታ ዕቃውን ጭኖ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ ድልድዩንም ከተማውንም ሳይጨናነቁ ያገኛቸው ነበር። ከመነሳቱ በፊት አንድ የሰሜን መንገድ፣ ካልተገኘም ሁለተኛ ምርጫ ወስኖ ቢሆን፣ በሩት 90 ገብቶ፣ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ቤተሰቡን አውርዶ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ባቆመ ነበር።

አርፍዶ ለደረሰም ምክር አለ፤ ለፍለጋው ገደብ ያብጅለት። አሥራ አምስት ደቂቃ ዞሮ ነፃ ቦታ ካጣ ከፍሎ ያቁም። ሦስት ሰዓት ነድቶ የመጣ ሰው የገዛው ቀን እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ የቀኑን ሩብ ሠላሳ ዶላር ለማዳን ሲል ቢያጠፋው ተሸጦ የማይመለስ ዕቃ አጠፋ። ከፍሎም ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ በስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት ተምሯል።

ባህሩ ለሁሉም እኩል ነው፤ ለከፈለም ላልከፈለም ያው ማዕበል ይመጣል። ልዩነቱ ያለው አንዱ ቤተሰብ ሁለት ሰዓት ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲከት ሌላው አምስት ሰዓት ላይ መሪ ይዞ መዞሩ ላይ ነው።